ቡላ አህያና ሃያ ስምንቱ ወንድማማቾች

ጠጋ በሉ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው። አያቶቻችሁ የሚያውቁት ድሮ ግን አይደለም። እናንተ አርጅታችሁ፣ ልጆች ከብበዋችሁ «ድሮ» ብላችሁ የምትጀምሩት ጊዜ ነው። አለን በሉኝ።

አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

በአንድ አገር ቡላ የሚባል አህያ ነበረ። ወጣት ነው። የሰው ዕቃ፣ የእንስሳት ዕቃ ተሸክሞ ይኖራል። ጀርባው ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ገጣባ አለችው። ቁስሏ ከዳነ ቆይቷል። ፀጉር ግን አላበቀለችም።

ቡላ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። የመጀመሪያዋ ሞተች። ስሟን አልነግራችሁም። ቡላም አይጠራውም። ከወርካው በታች ካለችው ምንጭ ትጠጣ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ጠጣች። ከዚያ እግሯ ዛለ። ከዚያ ሣር አስጠላት። መስከረም ላይ ሞተች።

በዚያው ሰሞን ምንጯ ዳር ያለው ሣር ቢጫ ሆነ። ቡላ ሣሩን አየ። ውሃውን አሸተተ። «አንዱ የሆነ ነገር ደፍቶበታል» አለ።

በዓመቱ ሁለተኛዋ ተወለደች። ጎረቤቶቹ «ምትኬ በላት» አሉት። እምቢ አለ። «ማንም የማንም ምትክ አይደለም» ብሎ ትርፌ አላት።

ከዚያ ወዲያ ቡላ ማንንም አያምንም። ሰላም ሲሉት ለምን ሰላም እንዳሉት ያስባል። ሲስቁ በማን እንደሳቁ ያስባል። ትርፌን ከምንጯ አያስጠጋም። ተራራው ሥር ካለው ወንዝ ወስዶ ያጠጣታል። ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሌሎቹ እንስሳት ከምንጯ ይጠጣሉ። «ሐዘን ነው እንዲህ ያደረገው» ይላሉ። የጎረቤታቸው የፍየሏ ግልገሎች ከስተዋል። «ዘንድሮ ሣሩ አልተስማማቸውም» ተባለ።

ቡላ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ማን ደፋው?»

ማንም አይመልስም።

አንድ ቀን ጠዋት ጭስ የሌላት መኪና መጣች። ድምፅም ብዙ የላትም። ወርካው ጋ ስትደርስ ቆመች። አልነሣም አለች። ሰዎች ወረዱ። ከኋላ ወንበሯ ሥር ግራጫ ሣጥን ጎትተው አወጡ። በቦታው ሌላ ሣጥን ከተቱ። መኪናዋ ተነሣች፣ ሄዱ። ግራጫው ሣጥን ወርካው ሥር ቀረ።

ቡላ ርቆ ቆሞ ያይ ነበር። «ደህና ነገር ቢሆን ይዘውት ይሄዱ ነበር» አለ። ትርፌን ከኋላው አድርጎ ቀስ እያለ ተጠጋ።

«ደህና ዋልክ» አለ ሣጥኑ።

ቡላ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ። «ማነው?»

«እኛ ነን።»

«እናንተ ማን ናችሁ?»

«ባትሪ ነን። የመኪናዋ ጉልበት ነበርን።»

«እኔ የማየው አንድ ሣጥን ነው። ‹እኛ› ስትል ምን ማለትህ ነው? ውስጥ የተደበቀ አለ?»

«ማንም አልተደበቀም። ሃያ ስምንት ወንድማማቾች ነን። ተደርድረን ነው የምንኖረው።»

«ሃያ ስምንት ሆናችሁ አንድ መኪና መግፋት አቃታችሁ?»

«ሦስቱ ሞተዋል። ሃያ አምስታችን የእነሱንም ድርሻ ስንገፋ ከረምን። ደከመን።»

ቡላ ወደ ትርፌ ዞር አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ጥርጣሬው ተመለሰበት። «ሬሳ ታቅፋችሁ ነው የተቀመጣችሁት?»

«የት እንጣላቸው? ወንድሞቻችን ናቸው።»

«እና አሁን ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ከተራራው ማዶ ጉንዳኖች አሉ። የእኛን ዓይነት መፍታት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ወደ እነሱ ውሰደን። እስከዚያ አትክፈቱን። አታርጥቡን። ፀሐይ ላይ አታስጡን። ሆዳችን ላይ ተጽፏል።»

«እኔ ማንበብ አልችልም።»

«የሚያነብ ጥራ።»

«የሚያነበውንስ በምን አምነዋለሁ?» አለ ቡላ።

ቢሆንም ጠራ። አገሩ ላይ አንባቢ የሚባለው ጋሽ ዝንጀሮ ነው። ሬዲዮ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ አዋቂ ይባላል። ሬዲዮውን በብብቱ ይዞ መጣ። ሣጥኑን ዞረው። ሆዱ ላይ ብዙ ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ በላይ ደግሞ ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡ የመብረቅ ሥዕል። ጋሽ ዝንጀሮ ጽሑፉን ዘለለው። ሥዕሉን በጣቱ ነካ።

«ይኸውላችሁ የፀሐይ ጨረር» አለ። «ፀሐይ አስመቱኝ ነው የሚለው።»

«አይደለም» አለ ሣጥኑ።

«አንተ የገዛ ሆድህን ማየት አትችልም፤ እኔ ነኝ የማየው» አለ ጋሽ ዝንጀሮ። ከዚያ ወደተሰበሰቡት እንስሳት ዞረ። «የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ምን እናደርጋለን?»

«ፀሐይ ላይ እናሰጣለን» አሉ።

«ካልነቃስ?»

«በጥርስ ነከስ እናደርገዋለን።»

«ይኸም ድንጋይ ነው። ተለቅ ያለ ድንጋይ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።»

«ተዉ» አለ ሣጥኑ። «እኛ እንደዚያ አይደለንም። ሙቀት እኛንም ይጎዳል፣ እናንተንም ይጎዳል።»

ቡላ ይህን ሲሰማ ጆሮውን አቆመ። «ጥላ የፈለጋችሁት ለምንድን ነው? ብርሃን ላይ ምን ይታይባችኋል?» አለ። እሱም ከጋሽ ዝንጀሮ ጋር ሆኖ ሣጥኑን ገፋ። እየገፉ ፀሐይ የሚመታው ዐለት ላይ አወጡት።

ረፋድ ሆነ። ዐለቱ ጋለ። እኩለ ቀን ሆነ። ቡላ ዓይኑን ከሣጥኑ ሳይነቅል ቆሟል። ጋሽ ዝንጀሮ ሬዲዮውን እያዳመጠ ነው። ትርፌ ሄዳ ጎኗን ሣጥኑ ላይ አሻሸች። ወደደችው መሰለኝ፣ ተደገፈችው።

«አባዬ፣ ይሞቃል» አለች።

«አህያ» አለ ሣጥኑ ቀስ ብሎ። «ልጅህን አንሣት።»

«ለምን?»

«አትጠይቅ። አንሣት።»

ቡላ ጠረጠረ። ግን ልጁ ናት። ማጅራቷን ነክሶ ሳባት። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ። በዚያው ቅጽበት ጋሽ ዝንጀሮ «ነቅቷል መሰል፣ ነከስ ላድርገው» ብሎ ጎንበስ አለ። በመንጋጋው የሣጥኑ ጉልበት የሚወጣባቸውን ሁለቱን የብረት አፎች ገጠመ።

ሰማያዊ ብልጭታ ሆነ። ጋሽ ዝንጀሮ ወርካው ሥር ተገኘ። ሪዙ ተቃጥሏል። አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። እስከ ማታ አልተናገረም። ሬዲዮው ብቻ ያወራ ነበር። የሣጥኑ አንድ ጎን አብጧል። ትርፌ ቆማበት በነበረው በኩል ቀጭን ጭስ ወጣ።

ቡላ ልጁን ከአናቷ እስከ ሰኮናዋ አሸተታት። ምንም አልሆነችም።

«ውሃ አታፍሱብን» አለ ሣጥኑ በደከመ ድምፅ። «በደረቅ እንጨት ወደ ጥላው ግፉን። ከዚያ ራቁን። እንበርዳለን።»

እንዳሉት አደረጉ። ቡላ ራቅ ብሎ ቆሞ አሰበ። ይህ ሣጥን ልጄን ለምን አስነሣኝ? ምን አስቦ ነው? የተንኮል ምክንያት ፈለገ። ከዚህ በኩል አሰበው፣ ከዚያ በኩል አሰበው። አላገኘም።

በማግስቱ ከመንገዱ በኩል ድምፅ ተሰማ።

«ቁራሌው። ብረት ያለው፣ ቆርቆሮ ያለው፣ የተሰበረ ድስት ያለው። ቁራሌው።»

አያ ጅቦ ነው። በጀርባው ጆንያ አንግቷል፣ በእጁ መጥረቢያ ይዟል። ሣጥኑን ሲያይ ጆንያውን አወረደ።

«ይህን ለእኔ ስጡኝ። በመጥረቢያ ሁለት ቦታ ነው። መዳቡን እወስዳለሁ። የተረፈውን እዚሁ ትቼላችሁ እሄዳለሁ።»

«የተረፈው ምንድን ነው?» አለ ቡላ።

«ጥቁር ዱቄት ነው። እሱን ምን አደርግበታለሁ? ግን ውሃ ካለው አስቀድማችሁ ድፉት። ውሃ አልመዝንም። ሁልጊዜ የምናገረው ነው።»

ቡላ ወደ አያ ጅቦ ተራመደ። የጅብና የአህያን ነገር ታውቃላችሁ። ፍየሏ ግልገሎቿን ሰበሰበች።

«አንተ ነህ» አለ ቡላ። «ምንጯ ላይ የደፋኸው አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አሁን በአፍህ ‹ድፉት› አላልክም?»

«ድፉት እላለሁ። እኔ ግን አልደፋም» አለ አያ ጅቦ። «አሮጌ ባትሪ ስቀበል ባዶውን ነው የምቀበለው። ሆዳም በለኝ፣ እሺ። ሌባ በለኝ፣ እንከራከራለን። ደፋህ ግን አትበለኝ። በዕድሜዬ አንዲት ጠብታ ደፍቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ደፋው?»

«የሚያመጣልኝ ነው የሚደፋው።»

«ያ ክረምት ማን አመጣልህ?»

አያ ጅቦ የቡላን ጀርባ አየት አደረገ። ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው። «አላስታውስም» አለ።

ቡላ ያቺን አስተያየት በልቡ ያዛት። ደነገጠ አለ። ይዋሻል አለ።

«ሣጥኑን አትወስድም» አለው። «ጥቁሩን ዱቄት እዚህ ትተኸው፣ ዝናብ ሲመጣ ወዴት ነው የሚወርደው? ወደ ምንጯ ነው።»

አያ ጅቦ ጆንያውን አነሣ፤ ግን አልሄደም። ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ቀጥላ እመት ቀበሮ መጣች። ጆሮ ላይ ነው የምታወራው። «ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አለች። «እንቅበረው። ከምንጯ በላይ አፈሩ ለስላሳ ነው። በአንድ ጠዋት እቆፍረዋለሁ። ማንም አያይም፣ ማንም አይጠይቅም።»

«ከምንጯ በላይ?» አለ ቡላ።

«ለስላሳ ነው እኮ።»

«ከላይ የተቀበረ ነገር ሲበሰብስ ወዴት ይሄዳል?»

እመት ቀበሮ መሬቱን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች።

«ከዚህ በፊትስ እዚያ ምን ቀብረሻል?»

«ዶሮ።»

«ሌላስ?»

«ዶሮ ብቻ።»

«ማን ደፋው?»

«ቡላ ሙት፣ እኔ እቀብራለሁ እንጂ አልደፋም» አለች። ቡላ እሷንም በልቡ ያዛት። የዶሮው ብዛት አጠራጥሮታል።

ቡላ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። ጋሽ ዝንጀሮ ቢያሰጣው፣ ይቃጠላል። አያ ጅቦ ቢሰብረው፣ ወደ ምንጯ ይወርዳል። እመት ቀበሮ ብትቀብረው፣ እሱም ወደ ምንጯ ይወርዳል። ትርፌ ደግሞ እያደገች ነው። ነገ ከጓደኞቿ ጋር ስትሄድ ቆሞ ሊጠብቃት አይችልም። አንድ ቀን ከዚያች ምንጭ ትጠጣለች። ይህን ያውቃል።

«እኔው እወስዳችኋለሁ» አለ።

«አመንከን?» አሉ ወንድማማቾቹ።

«አላመንኳችሁም። እነዚህን ግን የባሰ አላምናቸውም።»

ትርፌንም ትቷት አልሄደም። ለማን ይተዋት? በጀርባው ላይ ደረቅ ሰሌን አነጠፈ። ፍየሏና እመት ቀበሮ ሣጥኑን ጫኑለት። ወንድማማቾቹ ሁለቱን የብረት አፎች በደረቅ ጨርቅ ለየብቻ እንዲሸፍኑላቸው ለመኑ። ተሸፈኑ። ቡላ መንገድ ጀመረ።

ትንሽ እንደሄደ ዞር አለ። አያ ጅቦ ከኋላ ይከተላል።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ምንም።»

ቡላ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ሄደ። ዞር አለ። አያ ጅቦ ይከተላል።

«ልጄን ነው የምትፈልገው?»

«አይደለም።»

ተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ። ቡላ ለሦስተኛ ጊዜ ዞር አለ። አያ ጅቦ ቀርቧል። ቡላ የኋላ እግሩን አዘጋጀ። ትርፌ ከሆዱ ሥር ገባች።

«ዝናብ መጣ» አለ አያ ጅቦ። ከጆንያው ውስጥ ሸራ አወጣ። «መርጠብ የለበትም ሲሉ ሰምቻለሁ። አልብሰው።»

«ለምን?» አለ ቡላ።

«ለምን ማለት አይደክምህም?» አለ አያ ጅቦ። ሸራውን መሬት ላይ አስቀምጦ ዞሮ ወረደ።

ቡላ ሸራውን አሸተተ። የተቀደደ ቦታ ፈለገ። አልተቀደደም። ትርፌ በአፏ ጎትታ ሣጥኑ ላይ አወጣችው። ዝናቡ ጣለ። ሣጥኑ አልረጠበም። ቡላ ይህንንም አሰበበት። ምክንያቱን አላገኘውም።

«ያን ቀን ልጄን አንሣ ያላችሁኝ ለምንድን ነው?» አለ ሽቅብ እየወጣ።

«ሦስት ሞተውብናል» አሉ ወንድማማቾቹ። እሱም ሌላ አልጠየቀም።

ከተራራው ማዶ የጉንዳኖቹ ቤት አለ። ቀዝቃዛ ነው፣ ወለሉ ደረቅ ነው። ጉንዳኖቹ አፋቸውን በቅጠል ሸፍነው በሰልፍ ይሠራሉ። መዳብ ለብቻ፣ ብረት ለብቻ፣ ጥቁሩ ዱቄት በተዘጋ ማሰሮ። መሬት ላይ የሚወድቅ የለም። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ጉንዳን ቆማለች። ቡላ ሰው አላምንም ብሎ ይኮራ የለ? እሷ ትብሳለች።

«ከየት ነው?» አለች።

«ከወርካው ሥር።»

«ከፍታችሁታል?»

«አልከፈትንም።»

«አርጥባችሁታል?»

«አላረጠብንም።»

«ፀሐይ አስመትታችሁታል?»

ቡላ መሬት መሬት አየ። «አስመትተነዋል።»

«አይቼዋለሁ፤ አብጧል» አለች። «አላስመታንም ብትል ከበሩ እመልስህ ነበር። ተንበርከክ፣ ላውርድልህ።»

ቡላ ተንበረከከ። አሮጊቷ ጉንዳን ወታደሮቿን አስከትላ ጀርባው ላይ ወጣች። ሣጥኑን አወረዱ። ሰሌኑን ሲያነሡ አሮጊቷ ቆመች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ገጣባ ነው። ጭነት የላጠው።»

«ገጣባ ሲድን ፀጉር ያበቅላል። ነጭ ቢሆንም ያበቅላል» አለች። «ይህ የተቃጠለ ነው። የአሮጌ ባትሪ ውሃ ያቃጠለው። በእኛ ሠራተኞች ላይ አይቻለሁ። ባትሪ ተሸክመህ ታውቃለህ?»

«አንድ ጊዜ» አለ ቡላ።

«መቼ?»

«በክረምት።»

«ውሃው የት ደረሰ?»

ቡላ ሊመልስ አፉን ከፈተ።

አስታወሰ። ሐምሌ ነበር። የጋሽ ዝንጀሮን ጥቁር የጭነት መኪና ባትሪ ወደ አያ ጅቦ ሲያደርስ ነበር። አያ ጅቦ ከሩቅ «ደፍታችሁ አምጡ» ብሎ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል፤ አሮጌ ባትሪ ሲሰጥ ይደፋል። በመንገድ ላይ ጀርባው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። አቃጠለው። ወደ ምንጯ ሮጠ። ዳሯ ላይ ተንበርክኮ ባትሪውን ዘቀዘቀው። ጢው አለ፣ አለቀ። ጀርባውን በምንጯ ውሃ ታጠበ። ከዚያ ጭነቱን መልሶ ተሸክሞ ሄደ። ቀለለኝ ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲያ አስቦት አያውቅም።

«ውሃው የት ደረሰ?» አለች አሮጊቷ እንደገና።

ቡላ ከተንበረከከበት አልተነሣም። አሮጊቷ አየችው። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችውም።

ጉንዳኖቹ ሣጥኑን ወደ ውስጥ አስገቡት። ሌላ ሳይነኩ አስቀድመው ውስጡ የቀረውን ጉልበት ቀስ አድርገው አስተኙት። ከዚያ ፈቱት። ሃያ ስምንቱን ወንድማማቾች አንድ በአንድ አስቀመጧቸው። እያንዳንዱን ደባብሰው ለዩ። ሃያ አምስቱን በአንድ ወገን፣ ሦስቱን በሌላ ወገን።

«ሃያ አምስቱ መኪና መግፋት አቅቷቸዋል» አለች አሮጊቷ። «ውሃ መሳብ ግን አያቅታቸውም። በፀሐይ የሚሞላቸው መሣሪያ አብረን እንሰጥሃለን፤ እነሱን ከጥላ አታውጣቸው። ከምንጫችሁ በላይ፣ ራቅ አድርጋችሁ ጉድጓድ ቆፍሩ። እነሱ ይስቡላችኋል። የተበላሸችውን ምንጭ አጥሯት። ማንም አይጠጣባት። ቢጫውን አፈር ዝቃችሁ በማሰሮ አምጡልን።»

ምንጭ መበላሸቱን ቡላ አልነገራትም ነበር።

«ሦስቱስ?» አለ ቡላ። «ውሃው የት ደረሰ» ከተባለ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። «የሞቱት ይጣላሉ?»

«እዚህ የሚጣል የለም። ይፈርሳሉ፣ ይለያያሉ፣ ይቀልጣሉ። ሌላ ነገር ይሆናሉ።»

«ተመልሰው እነሱን ይሆናሉ?»

«አይሆኑም» አለች አሮጊቷ። «ሌላ ነው የሚሆኑት።»

ቡላ ራሱን ነቀነቀ። ባትዋሸው ደስ አለው።

ሃያ አምስቱን ጭነው ሲመለሱ ወንድማማቾቹ «ቀለልን» አሉ። «ግን ደስ አላለንም።»

«አውቃለሁ» አለ ቡላ።

ቁልቁለቱ ላይ ትርፌ ከጎኑ ሆነች። «አባዬ» አለች። «የምትፈልገውን ሰውዬ አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ማን ነው?»

ቡላ ሦስት እርምጃ ሄደ። «ማንም አይደለም» ሊል ይችል ነበር። «አያ ጅቦ ነው» ሊል ይችል ነበር፤ አገር በሙሉ ያምነዋል።

«እኔ ነኝ» አለ።

ትርፌ ቀና ብላ አየችው። ከሥሩ ግን አልራቀችም።

በማግስቱ ጠዋት እንስሳቱ ሁሉ ውሃ ሊጠጡ ወደ ምንጯ መጡ። ቡላ ዳሯ ላይ ተጋድሞ መንገዱን ዘግቶ ጠበቃቸው።

«ማን ደፋው?» አለ።

«ደግሞ ጀመረው» አለ ጋሽ ዝንጀሮ። ድምፁ ተመልሶለት ነበር።

«እኔ ነኝ የደፋሁት» አለ ቡላ። «የባትሪ ውሃ ነው። እዚች ላይ ተንበርክኬ ደፋሁት። ጀርባዬ ላይ ያለው ምልክቱ ነው። አትጠጡ።»

ጋሽ ዝንጀሮ ባትሪው የማን እንደነበረ ትዝ አለውና ሬዲዮውን አጠፋ። ፍየሏ የከሱትን ግልገሎቿን አየች፣ ምንጯን አየች፣ ቡላን አየች። ግልገሎቿን ይዛ ዞረች። ለብዙ ጊዜ አላናገረችውም። ምንጯ ስትታጠር ግን ካስማ ተሸክማ መጣች።

ከሁሉም ኋላ አያ ጅቦ ቀረበ።

«አንተ ታውቅ ነበር» አለው ቡላ።

«ባትሪውን ያመጣህልኝ ዕለት ጀርባህ ይጨስ ነበር» አለ አያ ጅቦ። «ባዶ ነበር። የት እንደደፋኸው አልጠየቅኩም። እኔ ነኝ ድፉ የምለው፣ ምን ብዬ ልጠይቅ? ኋላ ልጅህ ስትሞት ገባኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጁ ለሞተችበት እንዴት ብዬ ልንገር? ጅብ ነኝ እንጂ ድንጋይ አይደለሁም። እኔን ስትጠረጥር ይቀልህ ነበር። ጠርጥረኝ ብዬ ተውኩት።»

ቡላ ሸራውን አጥፎ መለሰለት።

«በርካታ አሮጌ ባትሪ ታገኛለህ» አለው። «ከእንግዲህ ከነውሃው ተቀበል። አትስበር። እኔ ተራራውን አሻግራለሁ።»

«ይከብድሃል።»

«ይክበደኝ» አለ ቡላ።

ጉድጓዱን እመት ቀበሮ ቆፈረች። በአንድ ጠዋት አልሆነላትም፣ በሰባት ቀን ጨረሰችው። ሃያ አምስቱ ወንድማማቾች በጥላ ሥር ተቀምጠው ንጹሕ ውሃ ሳቡ። ግልገሎቹ ሥጋ መለሱ። አንዷ ግን አልመለሰችም፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ትርፌ አደገች። ቡላ እስካረጀ ድረስ ደካማ ባትሪ ሳይከፈት፣ ሳይረጥብ፣ ሳይሰጣ እየጫነ ተራራውን አሻገረ። በመንገድ ያገኘውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው ግን ሌላ ሆኗል።

«ይኸ የያዝከው ሲያልቅ ወዴት ነው የምትወስደው?»

እንግዲህ ልጆች፣ የደከመ ነገር በእጃችሁ ሲገባ ከመጣላችሁ በፊት መድረሻውን እወቁ። ማን ደፋው ብላችሁ አገር ከመዞራችሁ በፊት ደግሞ ጀርባችሁን አሳዩ። የራሱን ጀርባ ማየት የሚችል የለም፤ ያየላችሁን አታባርሩት።

እኔ ጭነቴን አውርጃለሁ። አሁን ተሸካሚዎቹ እናንተ ናችሁ።